ማርሚታ፦ አየር ያነሰው ሞተር፣ ድምፅ የበዛበት ከተማ

ከባህር ዳር መሀል ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገር መኪና ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፊ መንገድ አግኝቷል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ግን ጠባብ ስለነበር መኪና፣ ባጃጅና እግረኛ ተጋፍተው ነበር የሚያልፉበት። መንገድ ሲሰፋ ፍጥነት ይመጣል፣ ፍጥነት ደግሞ ድምፅ ያስከትላል። ማርሚታውን ያስቀየረ አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ድልድዩን አቋርጦ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ሲፈተለክ መሄዱን ማወቅ የማይፈልግ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ የጎረምሳ ጨዋታ ይመስላል። በእርግጥ ጨዋታም አለበት። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት በወር ገቢው ላይ ጨምሮ የፋብሪካውን ማርሚታ አስቆርጦ ወፍራም ቱቦ ለምን እንደሚያስበይድ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ሾጣጣ ፊልትሮ ለምን እንደሚገጥም ለመረዳት ረዘም ያለ ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ታሪክ ውስጥ የጣሊያን ወረራ፣ የኤክሳይዝ ታክስና የደጋው አየር አሉበት። በመጨረሻም ሌሊት የሚሰማ ፍንዳታ ማርሚታ ይሁን ጥይት ለመለየት ጆሮውን የሚያቆም ሕዝብ አለበት።

*ከእንፋሎት እስከ ቮልስ*

ኢትዮጵያ ሞተርን ያወቀችው በጭሱና በድምፁ ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ በዓረብኛ በኩል ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ሥራ ማሽን ሕዝቡ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ስሙም ከማሽኑ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሠራሽ መኪና ተከተለ።

በዚያ ጊዜ የድምፅ ማፈኛ ራሱ ገና ወጣት ነበር። ማርሻልና ሚልተን ሪቭስ የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ለሞተር ድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ የዐድዋ ድል አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ማለት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በጠባብ ቱቦ በቀጥታ ከወጣ እያንዳንዱ ፍንዳታ እንደ ተኩስ ይሰማል። ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎችና ክፍሎች ውስጥ ካለፈ ግን የድምፁ ሞገድ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይደክማል። ዛሬም ማርሚታ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ድምፅ የማዕረግ መለኪያ የሆነበት ዘመንም ነበር፤ ግን በተቃራኒው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይሄዱባቸው የነበሩት ሮልስ ሮይሶች የተከበሩት ድምፃቸው ባለመሰማቱ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዳቸው ቮልስ ዋገን ግን ከሩቅ በድምፁ የሚለይ መኪና ነው። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ ቮልሷን ያነሣል። ዝም ያለው መኪና የቤተ መንግሥት፣ የሚንጣጣው የሕዝብ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ስለነበር አብዮቱ መልእክቱን ለማስተላለፍ ሌላ መግለጫ አላስፈለገውም።

*ድስቱ*

«ማርሚታ» የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጣሊያኖቹ ቃሉን በመጀመሪያ የሚያውቁት ለትልቅ ድስት ነው። የመኪናው ዕቃ ሆዱ ሰፊ፣ ክዳኑ የተዘጋ በመሆኑ የድስቱን ስም አወጡለት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ወታደሩና የጭነት መኪናው ሲገቡ ቃሉም አብሮ ገባ። የጋራዡ ቋንቋ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያው ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፊልትሮ፣ ሳልቫታዮ። የመንግሥት ወረቀቱም አልቀረም፤ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። ጠላት ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ቀርተው ዛሬ ጃፓን በሠራችው መኪና ላይ ቻይና የሠራችው መለዋወጫ ሲገጠም ያገለግላሉ።

ጎንደርን ከሰሜን ጋር ያገናኘው የሊማሊሞ መንገድ የተሠራው በዚያው ዘመን ነው። በኋላ በዚያ ጠመዝማዛ የሚወጡና የሚወርዱ የፊያት መኪኖች፣ በተለይም «ኤንትሬ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ለአንድ ትውልድ መካኒክ ትምህርት ቤት ሆኑ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጭስ ማውጫውን በክዳን ዘግቶ ሞተሩን ራሱን እንደ ፍሬን መጠቀም እንደሚቻል የከባድ መኪና ሾፌሮች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለእነሱ የጭስ ማውጫ መስመር ጉዳይ ከገደል የመትረፍ ጉዳይ ነበር።

ባህር ዳርም በዚህ የሙያ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የእርሻ መካኒክ ባለሙያዎችን ማሠልጠንም ጀመረ። ዛሬ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም አንዱ ሥር ይኸው ነው። ስለዚህ ከተማዋ ብረት መበየድ ትላንት የጀመረች አይደለችም። ጥያቄው የእጁ ጥበብ ምን ላይ እየዋለ ነው የሚለው ነው።

*ደጋው የሚወስደው*

አሁን ወደ አየሩ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በዚህ ከፍታ 81 ገደማ ነው። አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,350 ሜትር ገደማ፣ ሩቡ የለም።

ሞተር አየር የሚጎትት ይመስላል እንጂ በእርግጥ የሚያስገባው የውጭው ግፊት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ክፍተት ይፈጥራል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ውጭ ያለው አየር ነው። ውጭ ያለው ካነሰ ሲሊንደሩ የሚገባውም ያንሳል። አየር ሲያንስ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። አንድ ሊትር ሞተር ያለው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ከፋብሪካ ሲወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ባህር ዳር ላይ 56 አካባቢ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 53። ዮኮሃማ ላይ ቀልጠፍ የሚለው መኪና ዓባይ ማዶ ላይ ሰው ሞልቶ ዳገት ሲገጥመው የሚያቃስተው አርጅቶ ብቻ አይደለም።

ይህን ችግር ዓለም የፈታው ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለው፣ 4,300 ሜትር የሚደርሰው ተራራ ላይ ወጣ። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ከዚያ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር፣ አየርን ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ቱርቦ የሚባለው ይህ ነው። የጭስ ማውጫውና የአየር ማስገቢያው በእውነት ተባብረው ለደጋ ሰው የሚጠቅሙበት መንገድ እሱ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ዳገት የሚወጡ የናፍጣ ጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ቱርቦ ያላቸው ለዚሁ ነው።

ፊልትሮ መቀየር ግን ቱርቦ አይሆንም። ንጹሕ የሆነ የፋብሪካ ፊልትሮ ሞተሩ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የሚያስቀረው ግፊት ጥቂት ኪሎ ፓስካል ነው። ከፍታው የወሰደው ወደ 20 ኪሎ ፓስካል ነው። የዓለም ምርጥ ፊልትሮ ቢገጠም የሚያስመልሰው ከጥቂቶቹ ላይ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይችልም።

*ታክስ የቀረጸው ምርጫ*

ታዲያ ሰው ለምን ትልቅ ሞተር አይገዛም? መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። የ1995ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የግል መኪናን በሞተር መጠን ከፈለው፦ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ሌሎቹ ቀረጥና ታክሶች ሲደራረቡ ልዩነቱ ቤት የሚያስገዛ ሆነ። አስመጪው ከ1,300 በታች የሆነውን ፈለገ፤ ገበያው በቪትዝና በትናንሽ ኮሮላ ተሞላ። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ።

የሦስቱ ውሳኔዎች ድምር አንድ የተለየ መኪና አሳቢ ፈጠረ። ትልቅ ሞተር አይደርስበትም፣ አዲስ አይገባለትም፣ ያለው ትንሽ ሞተር ደግሞ አየር ያጥረዋል። ሌላ አገር ያለ ወጣት የስፖርት መኪና ገዝቶ ቱቦውን ሲመርጥ፣ የባህር ዳሩ ወጣት ቪትዙን የስፖርት መኪና ለማድረግ ቱቦውን ይመርጣል። ጉልበቱን ማግኘት ባይችል የጉልበትን ድምፅ ያገኛል። ይህን ምኞት ሞኝነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ሥራ ባነሰበት፣ መንገዱ በሚዘጋበት፣ ከከተማ ወጥቶ መመለስ እንደ ዕድል በሚቆጠርበት ጊዜ የራሴ የሚሉትን ነገር በራስ ምርጫ መቀየር ትንሽ ነፃነት ነው። ብዙ መካኒክም እጁን ያፍታታው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው።

*ከመቆረጡ በፊት*

ገንዘብ ከወጣ ላይቀር ለምን እንደሚወጣ ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ አየር ማስገቢያው። ከኮፈን ሥር ክፍት ሆኖ የሚገጠም ሾጣጣ ፊልትሮ የሚስበው ሞተሩ ያሞቀውን አየር ነው። አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እፍጋቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የፋብሪካው ሳጥን አፉን ወደ ፊት አዙሮ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር የሚወስደው መሐንዲሶቹ ይህን ስላወቁ ነው። ስለዚህ ድምፁ «ሹ» ብሎ ሲጨምር ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል። አቧራም አለ። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የዓባይ ማዶ የውስጥ መንገድ በበጋ አቧራ ነው። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ፊልትሮውን ካለፈ ሲሊንደሩን ይሞርዳል። የድሮው ቮልስ አየሩን በዘይት ላይ አሳልፎ አቧራውን ዘይት ውስጥ የሚያስቀር ፊልትሮ የነበረው ለዚህ ነው። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ በጊዜው መቀየር ከብዙ ውድ ፊልትሮ ይበልጣል።

ቀጥሎ ማርሚታው። «ቱቦ በወፈረ ቁጥር ሞተር ይተነፍሳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጭስ በተመጠነ ቱቦ ውስጥ በፍጥነት ሲወጣ ከኋላው ያለውን እየሳበ ሲሊንደሩን ያጸዳል። ቱቦው ለሞተሩ ከመጠን በላይ ከሰፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ይጠፋል። ትንሽ ሞተር ያለው የከተማ መኪና ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በዝቅተኛ ዙር ነው። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ፈጠነ ይላል፤ ዳገት ላይ ግን አንድ ማርሽ ቀንሶ ይወጣል፤ ቤንዚኑን ይጨርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ካታሊስቱን ማውጣት ነው። በዘመናዊ መኪና ከሞተሩ ቀጥሎ ያለው ያ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ዕቃ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ሲሆን መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ይለውጣል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ የተዉት አንድም ለሕፃናት አእምሮ፣ አንድም ይህ ዕቃ በእርሳስ ስለሚበላሽ ነበር። ያን ያህል የተደከመበትን ነገር «ጉልበት ያፍናል» ብሎ አስቆርጦ መጣል፣ ጭሱን ከኋላ ለሚሄደው የባጃጅ ሾፌርና በጀርባዋ ልጅ ላዘለች እናት ማስረከብ ነው።

ድምፁን ብቻ የሚፈልግ ሰው መንገድ አያጣም። ካታሊስቱንና የመሀሉን ማፈኛ ሳይነኩ፣ የቱቦውን ውፍረት በፋብሪካው ልክ ትቶ የኋላውን ማርሚታ ብቻ መቀየር ይቻላል። ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይጮህም። ሞተሩን በእውነት ማደስ የፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ካንዴላውን፣ የሲሊንደሩን ግፊት፣ የኦክስጅን ሴንሰሩንና የጎማውን ሁኔታ ያሳይ። ብዙ አሮጌ መኪና በቸልታ ያጣው ጉልበት ቱቦ ከሚጨምርለት ይበልጣል።

*ድምፁ የማን ነው?*

ሕግ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። የወጣው ደረጃም በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አፈናው የወጣለት ማርሚታ ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል። በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት መኪና ይመረመራል። ሆኖም ለምርመራ ቀን የድሮውን ማርሚታ መልሶ ገጥሞ በማግስቱ መፍታት የማይታወቅ ዘዴ አይደለም።

ባህር ዳር ላይ ግን ከዴሲቤል በላይ የሆነ ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የተኩስ ድምፅ በየአቅጣጫው ሰምታለች። ማርሚታው የተከፈተ መኪና እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ትኩሱ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ «ጧ! ጧ!» የሚለው እሱ ነው። ለሾፌሩ ይህ ሙዚቃ ነው። በር ዘግታ ልጆቿን ወደ ግድግዳው ለምታስጠጋ እናት ሙዚቃ አይደለም። ሌሊት ለሚጠብቅ የታጠቀ ሰውም አይደለም፤ በጨለማ የተሳሳተ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሊያስከትል ይችላል። ሌላ ከተማ ላይ የጎረቤት ቅሬታ የሆነው ነገር እዚህ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የሾፌሩ ጆሮ መኪናው ውስጥ፣ ከማርሚታው ፊት ነው ያለው። ድምፁን ሙሉ በሙሉ የሚሰማው ከኋላ የቀረው ነው። ስለዚህ ማርሚታ መምረጥ የግል ምርጫ ይመስላል እንጂ ግማሹ የሰፈር ጉዳይ ነው። ሰፈሩም መብቱን በስድብ ሳይሆን በሥርዓት መጠየቅ ይችላል። የትራፊክ ቁጥጥሩ ወጣቱን ከማዋከብ ይልቅ በምርመራ ጣቢያ ድምፅ በመለኪያ ይለካ። ጋራዡ ደግሞ ካታሊስት አልቆርጥም የማለት የሙያ ክብር ይኑረው።

ዘመኑ ራሱ ሌላ ነገር ይዞ እየመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ 1,800 ሜትርም ሆነ 3,000 ሜትር ጉልበቱን አይቀንሱበትም። ፊልትሮ የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከዚህችው ከተማ አጠገብ በሚወጣው ዓባይ ላይ የተሠራ ነው። ከእሱ በሚገኝ ኃይል የሚሄድ መኪና በዓባይ ድልድይ ላይ ያለ ድምፅ ማለፉ አይቀርም። እስከዚያው ግን አገሪቱ ያሏትን የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመት ትጠቀምባቸዋለች፤ የሚተካቸው አይገባምና። እንዲህ ያለን ሞተር አቧራ ማጠጣትና ሳንባውን መቁረጥ ለባለቤቱም ኪሳራ ነው። የሠለጠነ እጅ ላላት ከተማ የሚመጥናት ሞተሩን ማኖር ነው፤ ማስጮህማ ማንም ይችላል።